ወንድ የማምጣት ሳምንት

ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ገና መውረጃዬ ሳይደርስ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው እስኪናገር ጠብቄ ከማይመለከተኝ ቦታ አብሬው ወርጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ቃሊቲ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ የቴአትር ክበብ ውስጥ ምን ትሠራለች የሚል አይጠፋም። እኔም ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። የማውቀው መድረክ ላይ ስወጣ ሁልጊዜ ወንድ ሆኜ መውጣቴን ነው። ወንዱ ደግሞ አይፈራም ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አስብ ነበር።

ክበቡ ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ታሪኩ ከተመራቂ ወደ ተመራቂ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ እያንዳንዷ ባች የራሷን ጨው ነስንሳበታለች። እንደሚወራው የመጀመሪያዎቹ ልጆች ለሴቶች ቀን አጭር ድራማ አዘጋጁ፤ ባል አስፈለጋቸው። ግቢው ውስጥ ያሉት ወንዶች አስተማሪዎችና ጥበቃዎች ብቻ ናቸውና አንዱን አስተማሪ ለምነው እሺ አሰኙት። ድራማው አለቀ፣ ወሬው ግን አላለቀም። ባል የሆነው አስተማሪና ሚስት የሆነችው ልጅ በካፌው፣ በዶርሙ፣ በታክሲ ሰልፉ ላይ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ተፋቱም። ልጅቷ በመጨረሻ ወሬው ቢመርራት ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ወንድ የሚባል ፍጡር ከመድረኩ አባረረ። ባልም አባትም ዳኛም ሽማግሌም የምንሆነው እኛው ሆንን።

መጀመሪያ ላይ ወንድ የሚሆኑት ልጆች ፊታቸው ላይ በኩል ጺም ሥለው፣ ድምፃቸውን እያጎረነኑ መድረኩን ይንጎራደዱበት ነበር አሉ። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ችግሩ ማልቀስ ባለበትም ቦታ መሳቁ ነው። ይሄ ያንገበገባት አንዲት ሊቀመንበር ሕግ አወጣች። ወንድ የምትሆን ልጅ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳምንት ይሰጣታል። በዚያ ሳምንት አንድ በሕይወት ያለ ወንድ ትመርጣለች፤ ለሰውየው ግን አይነገረውም። አካሄዱን፣ አቀማመጡን፣ ሳሉን፣ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርግ አጥንታ ለክበቡ ይዛው ትመጣለች። ይህ «ወንድ ማምጣት» ይባላል። አንዷ ከሳሪስ አቦ ገበያ የሽንኩርት ነጋዴ አምጥታለች፤ ሌላዋ ከከባድ መኪና ማቆሚያ እንቅልፍ የማያውቅ ሹፌር። የእኛ ሊቀመንበር ደግሞ አፏ አያርፍም። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትመላለስ ረጅም ልጅ ናት፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከሩቅ ታየኝና «አንቺ! ወንድሽን አመጣሽ?» ብላ ትጮሃለች። ሰልፉ በሙሉ ዞር ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረን። የምንሠራበት አዳራሽ የተማሪዎች መመገቢያ ነው፤ ጠረጴዛዎቹን ገጥመን መድረክ እናደርጋቸዋለን። አጥሩን ተሻግሮ አስፋልቱ አለ። ከባድ መኪና ከነተሳቢው እያጓራ ሲያልፍ እንኳን የሰው ድምፅ የራስ ሐሳብም አይሰማም። ስለዚህ መኪና ሲመጣ ቃል እናቆማለን፤ ሰውየውን ግን አናቆምም። አባት የሆነችው አባት እንደሆነች ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትተነፍሳለች፤ መኪናው ሲያልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መኪና ማሳለፍ እንለዋለን። ሊቀመንበሯ የምትፈትነን በዚያች ሰዓት ነው። «ቃል ሲኖርማ ማንም ይዋሻል፤ እኔ ሰውየውን የማየው መኪናው ሲያልፍ ነው» ትል ነበር።

እኔ በገባሁ በዓመቱ አንድ ጉድ ተፈጠረ። በአንድ ድራማ ላይ ባል የሆነችው ልጅ ሚስቷን በጥፊ ስትመታ፣ ሚስት የሆነችው ልጅ ወንድም ከታዳሚው መሐል ተስፈንጥሮ መድረክ ላይ ወጣና ባልየውን በኮሌታው አነቀው። ባርኔጣው ወልቆ ሹሩባ ዱብ ሲል ነው ሴት መሆኗን ያየው። ዛሬ ሲነገር ያስቃል፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። የኮሌጁ ዲን፣ ቆፍጣና ሴትዮ ናቸው፣ ሊቀመንበሯን ጠርተው ቁርጡን ነገሯት። ከአሁን በኋላ ለእያንዳንዱ ቴአትር ወላጅ ይጠራል፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ልጁ ምን እንደምትሠራ በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ብቻ፣ ቅሬታ ካሰማ ክበቡ ይዘጋል።

የቀጣዩ ዓመት ቴአትራችን ስለ አንድ በር ነበር። አንድ አባት ቤታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል፤ በር ይንኳኳል። የዕድር ሰው ይመጣል፣ ቆጣሪ አንባቢ ይመጣል፣ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ሁሉንም ይመልሳሉ። በመጨረሻ የምታንኳኳው የገዛ ልጃቸው ናት። አባትየው እኔ ነኝ ተባለ። ወንድ የማምጣት ሳምንት ደረሰ፤ እኔ ደግሞ እንኳን ወንድ ተከትዬ ላጠና ወንድ ከኋላዬ ሲመጣ መንገድ የምቀይር ነኝ። ስለዚህ የቅርቡን አመጣሁ። አባቴን።

ቤታችን አቃቂ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ብዙ ሳይርቅ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን በክር ፋብሪካ አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል፤ ማሽኑ ግማሽ ጆሯቸውን እዚያው አስቀርቶባቸዋል። የሰፈራችን ልጆች አባታቸውን «አንተ» እያሉ ይቀልዱበታል። እኛ ቤት አንቱ ነው፤ ቀልድም የለም። ሲቀመጡ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ፤ ሊናገሩ ሲሉ ሁለት ጊዜ ይስላሉ። በር ሲንኳኳ ደግሞ፣ ከማንም በፊት፣ ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው «ማነው?» ይላሉ። ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸው ያገኘውን ይጨብጣል፤ የወንበር መደገፊያ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ እኔ አጠገባቸው ከሆንኩ ትከሻዬን። እንግዳው ማንነቱን ሲናገር መልሱን ይሰጡታል፣ በመጨረሻም «አበቃ!» ይላሉ። ከአበቃ በኋላ በእኛ ቤት የሚጨመር ነገር የለም።

አጥንቼ ይዤያቸው ስመጣ ክበቡ በሳቅ አለቀሰ። ሊቀመንበሯ ሆዷን ይዛ «ይሄን የመሰለ ሽማግሌ ከየት አገኘሽ? እንዳትለቂው!» አለችኝ። ጎረቤታችን ናቸው አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አባቴ ናቸው ማለት ግን አልደፈርኩም። ምክንያቱም አባቴ ቴአትር ስለሚባል ነገር ያላቸውን ሐሳብ አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ አንድ የስልክ ቪዲዮ ላይ ስትጨፍር የታየች ጊዜ «ልጅ አስተምሮ ለአደባባይ መሳቂያ!» ብለው ነበር፤ አበቃም ብለዋል። እኔ ለልምምድ ስቀር አሳይመንት አለብን እያልኩ ነው የምቀረው። አሁን እንኳን መድረክ መውጣቴን፣ እሳቸውን ራሳቸውን ለአደባባይ መሳቂያ ማድረጌን ቢሰሙ ከኮሌጁ ያስወጡኛል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዲኗ ቢሮ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ የእኔ ብቻ ሳይሆን የክበቡም ነገር ያበቃል።

አንድ ቀን ቤት ማንም የለም ብዬ መስታወት ፊት ስለማመድ እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። መጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «አባትሽ ቁጭ!» አለች። ቀጥላ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄን በሰው ፊት ልታደርጊው ነው?»

«እማዬ፣ በማርያም፣ እንዳትነግሪያቸው።»

«እኔ ምን አገባኝ» አለች። «ተደብቃ ትፀንሳለች፣ ሰው ሰብስባ ትወልዳለች። ምጡ የራስሽ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ከዲኗ ቢሮ የቅዳሜው ቴአትር የጥሪ መልእክት በአባቴ ስልክ ገባ። ስመዘገብ ቁጥራቸውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። መልእክቱን እናቴ አነበበችላቸው። ተቆጥተው ቢሆን በተገላገልኩ። ራት በልተን፣ ዜና አይተን፣ ሊተኙ ሲነሱ «ለቅዳሜ ኮቴን ተኩሱልኝ» ብቻ አሉ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የአባቴን ፊት ለማንበብ ሳፈጥ «ምን ሆነሻል?» ይሉኛል፣ አቀረቅራለሁ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «አባባ፣ ቅዳሜ እኮ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ታክሲ አይገኝም ይላሉ» አልኳቸው።

«በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ» አሉ።

ሊቀመንበሯን በሌላ ልጅ እንድትተካኝ ለመንኳት። ጎረቤት ያልኩት አባቴ መሆኑን ግን መናገር አቃተኝ። ብቻ አሞኛል አልኩ። ግንባሬን በእጇ ዳበስ አደረገችና «የመድረክ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም መድረክ ነው» ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆች ገቡ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። አባቴ በተተኮሰው ኮት፣ ከፊት ረድፍ፣ ያውም ከዲኗ አጠገብ። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ሲቀመጡ ከኋላዬ ያሉት ልጆች በሳቅ ፍርፍር አሉ። «እዪው፣ ያንቺን ሰውዬ የሚመስል ሰው አለ!» አለችኝ አንዷ።

መጋረጃው ተከፈተ። የመጀመሪያው በር ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ ሳልኩ፣ ግማሽ ተነሳሁ፣ ወንበሩን ጨበጥኩ፣ «ማነው?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እናቶች እርስ በርስ ተጎሻሸሙ፤ ዲኗ እንኳ ጥርሳቸው ታየ። አባቴ አልሳቁም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኛል። «አበቃ!» ስል ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ እሳቸው አሁንም አልሳቁም።

የሽማግሌዎቹ ማንኳኳት ላይ ስንደርስ ከሩቅ የከባድ መኪና ጩኸት መጣ። ቃል አቆምን። ወንበሬን እንደጨበጥኩ፣ ግማሽ እንደተነሳሁ መኪናውን ማሳለፍ ነበረብኝ። መኪናው ረጅም ነው፣ ዳገቱም አቃተው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከፊቴ የነበሩት አባቴ ናቸው። አየኋቸው፤ ከወንበራቸው ተነሱ። የመድረኩን ጠርዝ በቀኝ እጃቸው ያዙና አንድ እግራቸውን ወደ እኔ አስቀደሙ።

ያለፈው ዓመት መድረክ ላይ የወጣው ወንድም ታየኝ። ሊያወርዱኝ ነው የመጡት አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት በክንዴ ይዘው ሊያወርዱኝ ነው። ያን ጊዜ እጄ ወንበሩን ለቀቀ። መኪናው አልፎ ጸጥ ሲል ከእኔ ውስጥ የወጣው ሌላ ሰው ነበር። ደረቱን የነፋ፣ ጺሙን የሚጠመዝዝ፣ ድምፁን የሚያጎረንን፣ ክበቡ ድሮ ያባረረው ዓይነት ወንድ። ሽማግሌ የሆኑት ልጆች ግራ ተጋብተው አዩኝ። አባቴ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ተረፍኩ ብዬ በዚያው ቀጠልኩ። ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ በመጨረሻ ልጅቷ ደጅ ቆማ ስታለቅስ ደግሞ ጺሜን ስጠመዝዝ አይቶ አዳራሹ ሳቀ። ጭብጨባው እጅ ለማሞቅ ያህል ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ሊቀመንበሯ ጠበቀችኝ። አልጮኸችብኝም። «ሰውየውን የት ጣልሽው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝና ወንበር መሰብሰብ ጀመረች። ዲኗ ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ቅሬታ ያሰማ ወላጅ የለም። ክበቡ ተርፏል። ነገም ለውጭ ሰው ይታያል ተባለ።

አባቴ ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። ወደ ታክሲው አብረን ሄድን። እኔ ከፊቴ ላይ ያልጠፋውን የኩል ጺም በነጠላዬ እየፈተግሁ ከጎናቸው እራመዳለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላው ቆምን። ሁለት ጊዜ ሳሉ።

«ያ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«የቱ፣ አባባ?»

«የኋለኛው። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ።»

ያዘጋጀሁት ይቅርታ፣ ያዘጋጀሁት ውሸት፣ ሁሉም ጠፋብኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «እናትሽ ነግራኛለች። አንተን ነው የምትሠራው ብትለኝ ነው የመጣሁት። ልጄ እንዴት አድርጋ እንደምታየኝ ልይ ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ተነሱ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ልቅሶ ወጣ። «ሊያወርዱኝ የመጡ መሰለኝ።»

«መኪናው ጆሮዬን ደፈነው። አሁን ትናገራለች ብዬ ለመስማት ጠጋ ልል ነው እንጂ። መኪና ሲመጣ ዝም እንደምትሉ በምን አውቃለሁ?»

ቆሜ ቀረሁ። ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላችን ያለች ሴትዮ «ጠጋ በሉ እንጂ» አለች። ጠጋ አልን።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ አባቴ።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

እኔ፣ ወራጅ አለ ማለት የማልችለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አደረግሁት። ለምን እንደቻልኩ አላውቅም፤ ምናልባት እምቢ ማለቱ የበለጠ ስላስፈራኝ ይሆናል። ሳልኩ። ጎንበስ ብዬ ግማሽ እንደተነሳ ሰው ሆንኩ። እጄ የሚጨብጠው ነገር ሲፈልግ የእሳቸውን የኮት እጅጌ አገኘና ጨመደደው። «ማነው?» አልኩ።

የሳቀ ሰው የለም። አዳራሽ ውስጥ ሳቁ ይቀድመኝ ስለነበር ያንን የ«ማነው?» ድምፅ በደንብ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጭን ነው። የተቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም። አባቴ ፊቴን ትተው እጅጌያቸውን የጨበጠውን እጄን ያያሉ።

«እንዲህ ነው የማደርገው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ እንደሚያወሩ ሁሉ በተራ ድምፅ «ፈርቼ ነዋ» አሉ። «ፋብሪካ ሳለሁ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ነው፣ ሰው ሐሳብ አያስብም። ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አንዳችሁን መኪና ገጭቷት ሊያረዱኝ የመጡ ይመስለኛል። አንቺ ስታመሺማ አይጣል ነው።» ደግሞ ጠየቁኝ። «ሰው የሳቀው በዚህ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ታክሲ መጣ፤ ግን ተራችን ሳይደርስ ሞላ። የሚቀጥለውን እየጠበቅን ኮታቸውን አስተካከሉ። «ነገም ትሠራላችሁ?» አሉ።

«እንሠራለን።»

«እንግዲያው የማላውቀውን ሰውዬ ተዪውና እኔኑ ሥሪ። ሳሌን ውሰጂ፣ አቀማመጤንም ውሰጂ፣ ይሳቁበት፤ አልቀየምሽም። መፍራቴን ግን ለሰው አታሳዪብኝ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

በማግስቱ መድረክ ላይ ስወጣ እንዴት እንደማደርገው አስቤበት ነበር። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ እሱ ካልታየ ሌላው ጠንካራ ሽማግሌ ነው። በሩ ተንኳኳ። ሳልኩ፣ ግማሽ ተነሳሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ በጡጫ ይዤዋለሁ። «ማነው?» ስል ግን ከደጅ ምን ወሬ እንደሚመጣ እኔም ፈራሁ፤ እጄ ሳላዘው ወጣና ወንበሩን ጨበጠ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከትናንቱም ባሰ። ሊቀመንበሯ ከመጋረጃው ጀርባ በደስታ ስትዘል በጎን አየኋት።

ሕይወቴን ሙሉ ሰው እንዳይቀየመኝ የምሰጋው እኔ፣ ያን ቀን አዳራሹን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ እያየሁ ተቆጣሁ። የምናገረው ቃል ነበረኝ፣ ተራዬም ደርሷል፤ እኔ ግን ወንበሩን እንደጨበጥኩ ሳቃቸው እስኪያልቅ ዝም ብዬ አፈጠጥኩባቸው።